በጥቅስ ውስጥ ያለ ቁጥር

ከምናለሽ ተራ ነው የገዛናት፣
ጥጓ የተሰነጠቀ፣ ክዳን የሌላት፤
ግማሹን ሌንሳ፣ ግማሹን እኔ፣ ከታክሲ ቆጥበን፣
ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ትምህርት ቤት ድረስ አቧራ ለብሰን፣
ሦስት ወር በእግራችን ሄደን።
«ግራፍ ትስላለች» አለን ሻጩ፣
አብርቶ አንድ ጉብታ አሳየን፤
ጉብታውን አምነን ገዛን።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የሷ፤
ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የኔ፤
እሑድ ባትሪው ይረፍ ተባብለን
ለማንም አልሰጠናት።

ፊደል እንዳላት ያወቅነው ቆይተን ነው።
አረንጓዴዋን ቁልፍ ቀድሞ ለተጫነ
ከቁጥሩ ጀርባ ፊደል ይወጣል፣
እንደ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት፣
ካላንኳኳሽ መኖሩን አታውቂም።
ጥቅሱ ከመደመሪያው ራስ ላይ ተቀምጧል።
ክፍት ቦታው ግን፣ በቃልና በቃል መሃል ያለው ዝምታ፣
ቤቱ ዜሮ ላይ ነው።
ሌንሳ ይህን ስታይ ሳቀች፤
«የሠራት ሰው ብቻውን የሚኖር ነው» አለች።

ሁለት ሲደመር ሁለት ካልሻት
አራት ሳትል አታድርም።
በጥቅስ ካጠርሽው ግን
እንዳለ ይቀመጣል፤ አይደመርም፣ አይቀነስም፣
ባለቤቱ እስኪመጣ እንደ አደራ ዕቃ።
መምህር ሽመክት «ስትሪንግ» ይሉታል፤
እሷ «ክር» አለችው፣
ፊደል እንደ ጨሌ የሚሰካበት።

አሥር ኪስ ነበራት ለአሥር ክር።
ባንዱ ትታልኝ ትሄዳለች፣ በሌላው እመልሳለሁ፣
በፈረንጅ ፊደል፣ ባማርኛ ነገር፦
«ውሃ መጥቷል፣ አራተኛ ፎቅ አልወጣም።»
«የፊዚክሱ ሰባተኛ ጥያቄ መልስ የለውም።»
«አባባ ዛሬም አልተከፈለውም።»

ፊደሏ ድሃ ናት፤
ጠን ከተ፣ ቀን ከከ አትለይም።
አንዴ «ጠፋሁ» ብላ ብትጽፍልኝ
«ተፋሁ» ብዬ አንብቤ
ሎሚ ይዤላት ሮጥኩ፤
ደረጃው ላይ ተቀምጠን
ሎሚውን በጨው ጨረስነው።

መደመሪያ በክር መሃል ሲገባ
ድምር የለም፣ መቀጣጠል ነው።
ስሟን ከስሜ ቀጠልን፣ ሌንሳን ከትርንጎ፤
ርዝመቱን ብንጠይቃት
«አሥራ ሁለት» አለች፣ የክፍላችንን ቁጥር።
ማን ነገራት?
ከመሃሉ ሦስት ፊደል ቁረጪ ብንላት
ከስሟ ጫፍ ሁለት፣ ከስሜ መነሻ አንድ ወስዳ
«ሳት» አወጣች።
«እሳት ነው፣ ራሱ የጎደለ» አለች ሌንሳ።
እኔ «ሳጥን ነው፣ ጭራው የቀረ» አልኩ።

ግንቦት ላይ አከራያቸው እጥፍ ጠየቀ።
አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የውሃ በርሜሉ
አይሱዙ ላይ ወጥቶ ከዱከም ማዶ ሄደ።
ረቡዕ ነበር፣ የሷ ቀን፤
ማሽኗን ለብሎኩ ጥበቃ፣ ለጋሽ በዳሳ አስረክባ
ሰላምታ እንኳ አልተወችም፣ እሱ እንዳለው።

አሥረኛው ኪስ ውስጥ አገኘሁ አራት ፊደል፦
ኬ፣ ኢ፣ አር፣ አይ።
ቀሪ።

ማካፈል ሲያልቅ የሚተርፈው ቀሪ?
ስም ሲጠራ ዝም የሚባልበት ቀሪ?
ወይስ እኔ፣ ከማሽኗ ጋር የቀረሁት?

ጥቅሱን ፈትቶ የሚያሰላ ትእዛዝ አለ፤
መብራት በጠፋበት ማታ፣
ከመስኮቱ ማዶ ያላለቀው ብሎክና ማሳው
አንድ ጨለማ ሲሆኑ፣
በስልክ ብርሃን አዘዝኳት።
ምንም ያልተቀመጠባቸውን አራት ፊደላት
እርስ በርስ አባዝታ
ዜሮ አለች።
ዜሮ ላይ ማን እንደሚኖር አውቃለሁ።

ባትሪ ስቀይር አሁን አንድ ባንድ ነው፤
አራቱንም ባንዴ ካወጣሁ ክሩ ይበጠሳል።
ዱከም ድረስ ሃይገሩ ስንት እንደሆነ
ረዳቱን ጠየቅኩት፤
የነገረኝን ቁጥር በጥቅስ አጥሬ
ዘጠነኛው ኪስ ውስጥ አኖርኩት፣
እንዳይደመር፣ እንዳይቀነስ።
ሳምንቱ ሙሉ የኔ ሆኗል።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ግን አልነካትም።